ፀሐይ ላይ ያቆምኩት ሰው

ስለ ደም መጣጭ ፍቅር የምጽፈው ነጭ ጋውን ለብሼ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ኒም ዛፎቹ ሥር ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ የሚሆነውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከተማው በሩን ዘግቶ ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። እኛ ግን የመድኃኒት ነገር ሆኖ አንዘጋም። ደንበኛ የለም፣ ቬንትሌተሩ ሙቅ አየር ያማስላል፣ እኔ ባንኮኒው ጀርባ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ከሬሞን ጋር እውላለሁ።

ሬሞን የፈጠርኩት ሰው ነው። የባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ የመጣ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው፤ ወባ ሊገድለው ሲል አንድ እንግዳ አንገቱን ነክሶት ሳይሞት የቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚራ ውስጥ በአንድ አሮጌ ቪላ መጋረጃውን ዘግቶ ይኖራል፣ የሚወጣው ሲመሽ ብቻ ነው። ማርታ የምትባል የድሬ ልጅ ትወደዋለች። ታሪኩን በክፍል በክፍል እየቆረስኩ በቴሌግራም ቻናሌ ላይ እለቀው ነበር። ሲስማት፣ የቀሚሷን ቁልፍ ሲፈታ፣ ጥርሱ አንገቷ ላይ አርፎ ሳይነክስ ሲቆይ፣ አንዱንም ሳልዘል ነበር የምጽፈው። የብዕር ስሜ ወይዘሪት ጥላ ነው። ወይዘሪት ጥላ እፍረት የሚባል ነገር አታውቅም።

ሮማን ግን ታውቃለች፤ ሮማን እኔ ነኝ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ጽጌ ናት፣ እቴቴ ነው የምላት። ከልጇ ከፌቨን ጋር ባንድ አልጋ አስተኝታ፣ ባንድ ሳህን አብልታ ነው ያሳደገችኝ። ለጎረቤት ሁሉ "የኔዋ ሮማን አንገቷን የደፋች፣ ቁጥብ ልጅ" እያለች ስትኮራብኝ ኖራለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ እጽፍ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እየዞርኩት ነው መሰለኝ።

ዮናስ የሚባል ደንበኛ ነበረን። በአንድ ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ያስተምራል። ከተወለደ ጀምሮ ቆዳው፣ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ ነጭ ነው። ሰፈሩ "ፈረንጁ" እያለ ይጠራዋል እንጂ አባቱም እናቱም የኛው ሰዎች ናቸው። ቆዳው ፀሐይ የሚከላከልበት ቀለም ስለሌለው ይቃጠላል፣ ዓይኑም ብርሃን አይችልም። ስለዚህ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ሰፊ ኮፍያውን ደፍቶ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለብሶ ይመጣና የፀሐይ ክሬሙን ይገዛል። በከተማው ያንን ክሬም የምናስመጣው እኛ ብቻ ነበርን። የጨጓራ ኪኒኑንም ከኔው ነው የሚወስደው፤ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ስለማይስማማው። አንድ ቀን ጆሮው ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መጣና "ሐኪሙ ትንሽ ቆረጠልኝ፣ ክፉ ነገር ሊሆን ነበር አለኝ፣ ከፀሐይ ራቅ ብሎኛል" ሲለኝ "እግዜር ይማርህ" ብዬ ፋሻ ሸጥኩለት።

ያን ቀን እሱ ወጥቶ ሳይርቅ ስልኬን አነሳሁ። ሬሞን ከዚያ በፊት ፊት አልነበረውም፤ ያን ቀን ፊት አገኘ። ነጭ ቅንድቡን ሰጠሁት። ኮፍያውን ሰጠሁት። ደም መጣጭ ፀሐይ ያጨሰዋል፣ መስታወት አያሳየውም፣ መስቀልና ነጭ ሽንኩርት ያባርረዋል ይባላልና ነጭ ሽንኩርት አስጠላሁት። ቪላውን ሳይቀር የዮናስን ቤት አደረግሁት፦ አረንጓዴ መስኮት፣ የዛገ የብረት በር፣ ደጃፉ ላይ ያጋደለ ኒም። እኔን የመሰለ ሰነፍ ጸሐፊ አይታችሁ አታውቁም፤ የዛፉን ማጋደል እንኳ አልቀየርኩም።

አንባቢዬ እንደ ጉድ በዛ። ባጃጅ ውስጥ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ፣ "ሬሞን እኮ እውነተኛ ሰው ነው አሉ፣ ቤቱን አሳይሻለሁ" ሲባባሉ እሰማ ነበር። ቤቱን ቆመው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ዮናስ አንድ ምሽት ክሬሙን እየከፈለ "ልጆች በሬ ላይ በኖራ መስቀል እየሣሉ ሄዱ፣ አጥቤ አጥቤ ሰለቸኝ" አለኝ። "ዘንድሮ ልጅ የለም" ብዬ መልሱን ሰጠሁት። ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት። ማታውን የሚቀጥለውን ክፍል ለቀቅኩ።

ከዚያ ፌቨን አንድ ቀን እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። የምትሠራው እዚያው ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ነው። "ሮሚ፣ ሰው ወድጃለሁ። ዮናስ ይባላል። ሽማግሌ ሊልክ ነው" አለችኝ። የማውቀውን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩና "እንኳን ደስ ያለሽ" ብዬ ዘጋሁት።

ሽማግሌዎቹ አንድ እሑድ መጡ። ረፋድ ላይ ይመጣሉ ተብሎ ባጃጅ ሲፈልጉ ሲደዋወሉ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የእቴቴ ቤት ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ፣ ዛፍ የሚባል የለውም። ጎረቤት ሴቶች "ጨው አበድሪኝ"፣ "ክር አለሽ ወይ" እያሉ ሰበብ ይዘው ተሰብስበዋል። ፌቨን ጓዳ ውስጥ መጋረጃው ጀርባ ናት። እኔ ለስላሳ በትሪ ይዤ ሳሎኑ በር ላይ ቆሜያለሁ።

የመጡት ሁለት ናቸው። ጋሽ በቀለ ጡረታ የወጡ የባቡር ሾፌር ናቸው፤ የዮናስ አባት ጓደኛ ነበሩ። ሐጂ ዩሱፍ ደግሞ ከመጋላ ሰፈር ነው የመጡት፤ ዮናስ ልጆቻቸውን ሒሳብ አስተምሮላቸዋል። ድሬ ላይ የክርስቲያን ሽማግሌነት ለሐጂ አይሆንም የሚል ሰው የለም።

"ተቀመጡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?" አለች እቴቴ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የአባወራውንም ወንበር የያዘችው እሷ ናት፣ ለማንም አትለቅም።

"ጉዳያችን ከተሰማ እንቀመጣለን" አሉ ጋሽ በቀለ፣ እንደ ወጉ። "ልጅሽን ፌቨንን ለልጃችን ለዮናስ ልንለምን ነው የመጣነው።"

እቴቴ ቀጠሮ ትሰጣለች ብዬ ነበር። ወጉ እንደዚያ ነው፤ "ዘመድ ልማከር" ይባላል፣ እምቢም ከሆነ በጨዋ ደንብ ይባላል። እሷ ግን ነጠላዋን አጥብቃ አጣፋችና "አልሰጥም" አለች። "ለሰው ከሆነ ልጄን እሰጣለሁ። ይኼ ግን ሰው መሆኑን በምን ላውቅ?"

"አስተግፊሩላህ! ምን ማለትሽ ነው እህቴ?" አሉ ሐጂ።

"አገር ያወቀውን ነዋ! ቀን አይወጣም። ቤቱ መጋረጃ ተከፍቶ አያውቅም። ፌቨን ያስተዋወቀችኝ ሰሞን እራት ጋብዤው ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ሁሉ ወደ ዳር ገፋው፣ በዓይኔ አይቻለሁ! መስታወት ቤቱ የለም። ደረቱ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለ ምልክት አለው፣ ሌሊት ሌሊት ይቀላል።"

 የደረቱን ጨረቃ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ማርታ በከንፈሯ ያገኘችው ነው፤ የገላ መታጠቢያው ክፍል ላይ፣ ስጽፈው ራሴን ያላበኝ ክፍል ላይ። ቅዳሴ የማታስታጉለዋ እቴቴ ያንን አንብባለች።

ሐጂ ዩሱፍ ጢማቸውን ዳበሱ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ደረቱን የት አየሽው?"

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ደፈኑ። እቴቴ ፊቷ ተለዋወጠ። "ሰ... ሰው ያወራል" አለች።

ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ፌቨን እያለቀሰች ጮኸች። "ውሸት ነው! ደረቱ ላይ ምንም የለም!"

 ከጎረቤቶቹ አንዷ "ኡኡቴ" አለች በለሆሳስ። ጋሽ በቀለ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ፌቨን የተናገረችው ምን ማለት እንደሆነ ለሁሉም የገባው እኩል ነው።

እንግዲህ እቴቴን ማን ይያዛት! "ልጄንም አስቶብኛል!" ብላ ተነሳች። "ሰው ከሆነ የት አለ? አሁኑኑ ይምጣ! በዚች ፀሐይ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ግቢዬ መሀል ይቁምልኝ። ካልጨሰ እናወራለን!"

ዮናስ ሩቅ አልነበረም። መንገዱ ጥግ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ፣ ሸራውን አውርዶ መልሱን እየጠበቀ ነው። ጋሽ በቀለ ሊያባብሏት ቢሞክሩም አንዷ ጎረቤት ሮጣ ደርሳ ነግራዋለች። የውጭው በር ተንኳኳና ገባ።

ሱፍ ለብሷል። ለሽምግልናው ቀን፣ ወደማይገባበት ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ ለሚቀመጥበት ሱፍ ለብሶ ነው የመጣው። ግቢው መሀል ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ። ኮቱንም አወለቀና አጠፈው፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበ።

"ይኸው እትዬ ጽጌ" አለ። "እስኪበቃዎት ይዩኝ።"

እስኪ የድሬን ፀሐይ የምታውቁ ፍረዱኝ። እኛ ጥቁሮቹ እንኳ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንሄደው። ዓይኑን መግለጥ አልቻለም፣ እንባው በጉንጩ ወረደ። "ያለቅሳል እንዴ?" አለች አንዷ። "ፀሐይዋ እያቃጠለችው ነው፣ አላልኳችሁም!" አለች ሌላዋ። እኔ ያችን ጆሮ እያየሁ ነው፣ ሐኪሙ የቆረጠለትን ጠባሳ። መቅላት ስትጀምር አይቻታለሁ። ሐኪሙ ያለውን ከዚያ ግቢ ውስጥ ከሱ ሌላ የማውቀው እኔ ነኝ።

ተናገሪ ይለኛል ሆዴ። ምን ብዬ? ይህን ሁሉ ጉድ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ ብዬ? እቴቴ ፊት፣ ሐጂ ፊት፣ ይኼ ሁሉ ጎረቤት ፊት? የበሽተኛ ምስጢር አውጥቼ እንደቸረቸርኩ ቢሰማ ሥራዬስ? ትንሽ ይቆይ፣ አሁን ይበቃል ትላለች፣ አሁን ሽማግሌዎቹ ያስገቡታል እያልኩ ቆምኩ። ጋሽ በቀለ ኮታቸውን አውልቀው ሊያለብሱት ሲሄዱ ዮናስ በእጁ ከለከላቸው። "ተዉኝ ጋሼ። ዛሬ ካልጨረስኩት በየቀኑ ነው የሚጠይቁኝ" አላቸው።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ቀልድ ነው እውነት ነው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ከኩሽና ነጭ ሽንኩርት አምጥታ "እስኪ ይህን ይብላ" አለች። እቴቴ አልከለከለችም። ዮናስ እጁን ዘረጋ። ጨጓራው ቁስለት እንዳለበት የማውቅ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ ጥሬውን አፉ ውስጥ ጨምሮ አኘከው። ዋጠው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ወገቡ ትንሽ ጎበጥ አለና መልሶ ቀና አለ። ፌቨን ከጓዳ ወጥታ ሮጠች፣ ሴቶቹ በሩ ላይ ያዟት።

ትሪው ከእጄ ወደቀ።

"በቃ! በቃ እቴቴ! እኔ ነኝ የጻፍኩት!"

ሁሉም ዞር አሉ። "ምኑን?" አለች እቴቴ።

"ሬሞንን! ወይዘሪት ጥላ እኔ ነኝ። ሁሉም ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ፀሐይ ላይ የማይወጣው ቆዳው ስለሚቃጠል ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ። ሽንኩርቱን የማይበላው ጨጓራ ስላለበት ነው። መድኃኒቱን የምሸጥለት እኔ ነኝ። ጆሮው እዚያ ጋ ታሟል፣ ፀሐይ ከነካው..." አልጨረስኩትም። እቴቴ ትከሻ ላይ ያለውን ነጠላ መንጭቄ ሮጥኩና ራሱ ላይ ጣልኩለት።

እቴቴ አፏን ይዛ ቀረች። "አንቺ?" አለች። "አንቺ ልጅ? ያንን የገላ መታጠቢያውን... አንቺ?" ካለች በኋላ ነው ራሷ ምን እንዳለች የሰማችው። ጎረቤቶቿ አንድ ላይ ሳቁ፤ ለካ ሁሉም አንብበውታል፣ እርስ በርሳቸው ተደባብቀው። እቴቴ አልሳቀችም። በሩ ላይ ያለው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "በሰው ልጅ ላይ ምን አሠራሽኝ?" አለችኝ። ይህንን ብቻ ነው ያለችኝ።

ዮናስን ቧንቧው ላይ ወዳለው የቆርቆሮ ጥላ ወሰድነው። ፌቨን ወተት ልታመጣለት ሮጠች። እኔ ፎጣ በውሃ ነክሬ ክንዱ ላይ ሳደርግ ቆዳው ይግላል። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

"ይቅር በለኝ። አላሰብኩትም ነበር" አልኩት።

"አውቅ ነበር" አለኝ።

"ምን?"

"አንቺ መሆንሽን። ነጭ ሽንኩርቱ የተጻፈ ዕለት ነው ያወቅሁት። ጨጓራዬን ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል?" ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያወራው። ንዴት የለበትም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። "መጀመሪያ ላይማ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሴት የምትመኘው ሰው እኔን መስሎ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ፌቨንን ላናግራት የደፈርኩት ሁሉ ያኔ ነው። ከዚያ ተማሪዎቼ ክፍል ስገባ መስቀል ማሳየት ጀመሩ።"

"ካወቅህ ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ለምን እኛ ጋ ትመጣ ነበር?"

"ክሬሙ ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነዋ" አለኝ።

እናንተዬ፣ አስቡት። ሳምንት ሳይዘል መጥቶ ባንኮኒዬ ፊት ሲቆም፣ "ደህና ነሽ ሮማን?" ሲለኝ፣ ማን እንደሆንኩ እያወቀ ነበር። ቢጣላኝ ቆዳውን የሚያድንለት ነገር ይቀርበታል። እኔ ደግሞ የእሱን ትሕትና ሳይ "ምንም አልጎዳሁትም ማለት ነው" እያልኩ ራሴን አስተኛ ነበር።

ያን ቀን እቴቴ ተነስታ ፊቷን ታጠበችና ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። "ተቀመጡ" አለቻቸው። "ጉዳያችሁ ተሰምቷል።" ተቀመጡ። ቀጠሮም ሳትሰጥ ልጇን ሰጠች፣ ዮናስንም ጉልበቱን ልትስም ስትል ሐጂ ናቸው የያዟት። እኔን ግን ለረጅም ጊዜ አላናገረችኝም። አሁን ታናግረኛለች፣ "ቁጥቧ ልጄ" ብላ ግን ጠርታኝ አታውቅም። ፌቨንም ከሠርጓ ማግስት "ዮናስ ይቅር ብሎሻል። እኔ ገና ነኝ" አለችኝ። ገና ናት እስከ አሁን።

ቻናሉን አጠፋሁት። ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤትም ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ያባርረኛል ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር፣ እሱ ግን "ሁለተኛ ብሰማ አንድ ቀን አታድሪም" ብሎ ተወኝ። አንባቢዎቼ እስከ ዛሬ በሌሎች ግሩፖች "ሬሞንና ማርታ ምን ሆኑ?" እያሉ ይጠይቃሉ። አልመልስላቸውም።

ስለ መሳም ስለጻፍሽ ነው የተቀጣሽ የምትሉኝ ካላችሁ፣ አቦ ተዉኝ፣ እሱ አይደለም። ሰው ስለ ፍቅርም ስለ ጥርስም መጻፍም ማንበብም መብቱ ነው፣ እቴቴም ብትሆን። አንድ ቀን ተመልሼ እጽፍ ይሆናል። የማይለቀኝ ሌላ ነው። ዮናስ ባንኮኒዬ ላይ ያስቀመጠልኝ ነገር የታመመ ሰው ለመድኃኒተኛው የሚናገረው ነበር፣ እኔ ግን ለደስታዬ ስል ለሬሞን አለበስኩት። ስለ ሰው የምትጽፉ ሁሉ፣ ያ ሰው ጽሑፋችሁን ይዞ ደጃችሁ ቢቆም ቀና ብላችሁ ታዩታላችሁ ወይ? እኔ አልቻልኩም።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ክሬሙን የሚያመጣልንን ነጋዴ ለምኜ፣ ከኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ላለው መድኃኒት ቤት እንዲያቀርብ አደረግሁ። እዚያ ያለው ልጅ ደህና ሰው ነው፣ ወሬ አያበዛም። ለፌቨን ብቻ "ክሬሙ እዚያም መጥቷል" ብዬ ነገርኳት፤ ዮናስ የፈለገበት ይግዛ ብዬ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም።